ለብቻ የተጣደች ድስት

ዩሱፍ ሞቶ የተገኘው ደጁ ላይ ባቆማት ተሳቢ መኪና ጎማ ሥር፣ በደረቱ ተደፍቶ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ማለዳም ቢሆን ለሰው አታዝንም፤ ኢንስፔክተር ባንተይርጋ ደርሶ ጎንበስ ሲል ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር። ሟቹ ቁመተ ሎጋ፣ ገና አርባ ያልሞላው ሰው ነው። ከአፍዴራ ጨው እየጫነ ወደ መሀል አገር የሚያወጣ ሾፌር መሆኑን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ የመኪናው ጎንና ጎን ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ልብሱ ላይ ትውከት አለ። ቁስል የለም፣ ደም የለም።

"ይኸው! የመርዙ ድስት ይኸው!"

ከግቢው ውስጥ እየጮኸ የወጣው የሟቹ ታናሽ ወንድም አብዱናሲር ነው። እሱም ሾፌር ነው። አንዲት ትንሽ ድስት ከፍ አድርጎ ይዞ ሰው ሁሉ እንዲያያት ያዞራታል።

"ወንድሜን በዚች ነው የጨረሰችው! እሷና ልጅቷ ከትልቁ ድስት ይበላሉ፣ ለሱ ግን በዚች ለብቻ ትጥዳለች። ባልና ሚስት በሁለት ድስት ሲበሉ የት አገር ነው የታየው? ሰፈሩ ይመስክር!"

ሰፈሩም መሰከረ። አጥር የምትጋራቸው ውቢት፣ ሱቋን ክፍት ጥላ የመጣች ሴት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "በአይኔ በብረቱ ነው ያየሁት" አለች። "እሱ ሲበላ እሷ ከሱ ሳህን አንዲት ጉርሻ አትነካም። ደግሞ ሰውዬው ሰሞኑን እየተንገዳገደ ነበር፤ አፉ ይኮላተፋል። ምን እያበላችው ነው እያልን ስናማ ነው የከረምነው።"

የሟቹ ሚስት ሙስሊማ በሩ ላይ ቆማለች። ሁለት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ፋሪሃን በጎኗ አቅፋለች፤ እንባ የላትም። አንድ ነገር ተናገረች፣ ግን በዚያ ጩኸት መሀል ማን ይስማት! ባንተይርጋ ጠጋ ብሎ ሲያዳምጥ፣ "ጨው ስለከለከሉት ነው" ትላለች ደጋግማ።

እውነቱን ለመናገር፣ እሱም ድስቷን ሲያይ ተጠራጥሮ ነበር። ባንተይርጋ ያደገው ሰው ከአንድ ገበታ በሚበላበት አገር ነው፤ ለብቻ የተጣደች ድስት ለሱም ደግ ነገር አልነገረችውም። ሴትዮዋን ይዟት ሄደ። ልጅቷን አብዱናሲር ከእናቷ ክንድ መንጭቆ ወሰዳት።

*

ጣቢያው ውስጥ እንደ ልማዱ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ኮንስታብል እናትነሽ ለሙስሊማ ውሃ ሰጥታት ጥግ ይዛ ቆመች።

"ለባልሽ ለምንድን ነው ለብቻው የምትሠሪለት?" አለ ባንተይርጋ።

"የደም ግፊት አለበት ተባለ። ራሱ አይሄድም ነበር፣ እኔ ነኝ እየጎተትኩ ጁነዲን ክሊኒክ የወሰድኩት። ጨው እንዳይቀምስ አሉኝ። ሽንት የሚያሸና ኪኒንም ሰጡት። እኔና ልጅቷ ምን በወጣን አልጫ እንበላለን? ለሱ ለብቻ ጣድኩ።"

"እሱስ ምን አለ?"

ሙስሊማ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። "'ጨው ስጭን ውዬ አልጫ ልብላ?' ይል ነበር። መንገድ ላይ እንዳይበላ ስንቁን ቋጥሬ እሰጠዋለሁ። በልጁ አስምዬዋለሁ፤ ወላሂ መሐላዬን አክብሮልኛል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ሰፈሩ ጠጣ አለ፤ ዩሱፍ ደግሞ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። እኔ ግፊቱ ነው ብዬ ይበልጥ ጠበቅ አደረግኩ። ዳቦው ውስጥ ያለችውን ጨው እንኳ አስቀረሁ። ባሰበት ቁጥር አጠብቃለሁ።"

"ሐኪም ዘንድ አልመለስሽውም?"

"'ይህችን ጭነት ላድርስና' አለኝ። ሲመለስ..." አልጨረሰችውም። ቀና ብላ አየችው። "ወንድሜ፣ ስለ እኔ አልለምንህም። ልጄ ከኔ እጅ ካልሆነ አትጎርስም። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ናት፣ አባቷ እንኳ ሲያጎርሳት ትተፋዋለች። አብዱናሲር ምን ያደርጋታል? በአላህ ይሁንብህ፣ ቶሎ መርምርና ወይ ስቀሉኝ ወይ ልቀቁኝ።"

ሙስሊማ ስትወጣ እናትነሽ ጠጋ አለች። "አለቃ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር፤ አይቆጡኝም?"

"ምን አጠፋሽ ደግሞ?"

"አዲስ አበባ ለምርመራ የሚላከውን ናሙና ከወሰድን በኋላ ድስቷን መስኮቱ ላይ ትቻት ነበር። ድመቷ የቀረውን ላሰችው።"

"ኤግዚቢቱን! ሞተች?"

"ኧረ እሷ እቴ! ሌላ አምጡ እያለች ስትጮህ ነው የዋለችው።"

ባንተይርጋ ሊስቅ ነበር፣ ግን የሴትዮዋ ነገር ከሆዱ አልወጣ አለው።

*

ጁነዲን የጤና መኮንን ነው። ከዋናው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክሊኒክ ሾፌሩንም፣ ረዳቱንም፣ ከገጠር የመጣውንም ብቻውን ያክማል። ባንተይርጋ ሲገባ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከነሚስታቸው፣ ከነልጃቸው፣ ከነአማቻቸው ተቀምጠው ስለ ሽማግሌው ሆድ አራቱም በአንድ ላይ ያወራሉ። እስኪወጡ ጠበቀ። ክፍሉ እቶን ነው። ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ የለበሰ ወፈር ያለ ወረቀት አገኘ፤ አንድ ገጹ ላይ የሰው ጭንቅላት ተሥሎበታል። አንስቶ ፊቱን ማራገብ ያዘ።

"ዩሱፍን አክመኸዋል?"

"አላህ ይማረው፤ አዎ። ግፊቱ ከፍ ብሎ ነበር። ጨው ተው አልኩት፣ የሚያሸናውንም ኪኒን ሰጠሁት። ምን በደልኩ?"

"ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ጠይቀሃል?"

"እንዴ! ሳልጠይቅ? 'ሌላ የምትውጠው ነገር አለ ወይ?' አልኩት። የለም አለ። ሚስቱም እዚህችው ወንበር ላይ ነበረች፤ እሷም ምንም የለም አለች።" ጁነዲን ላቡን ጠረገ። "እኔ ደግ ነው ያደረግኩት ኢንስፔክተር። የግፊት ሰው በዚህ መንገድ ላይ ሲነዳ ወድቆ ስንቱን ይዞ እንደሚሄድ አንተም ታውቃለህ።"

ባንተይርጋ ያውቃል። ወረቀቱን ካነሣበት መልሶ አመስግኖ ወጣ። የድስቷ ነገር ተፈታ፤ ሴትዮዋ አልዋሸችም። ታዲያ ሰውየውን ምን ገደለው?

መልስ የሚመስል ነገር የተገኘው መኪናው ሲፈተሽ ነው። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አንድ የቫይታሚን ቆርቆሮ ወጣ። ውስጡ ያሉት ነጫጭ ኪኒኖች ግን ሌላ ናቸው፤ ባንተይርጋ ያንኑ ቫይታሚን ራሱ ይወስዳል፣ የሱ ቢጫ ነው። ከዩሱፍ ጋር ለዓመታት አብሮ የነዳው ዋሲሁን ቆርቆሮውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

"ይህችማ ጉልበት የምትሰጥ ናት ይለኝ ነበር። ጠዋትና ማታ ሳይውጣት አይነዳም። ከሰመራ ወንድሙ ነው የሚያመጣለት።"

አሃ! አለ ባንተይርጋ በሆዱ። ድስቷን እያዞረ ሲጮህ የነበረው ሰው!

አብዱናሲርን አስጠራው። ሰውየው ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ቫይታሚን ነው።"

"አይደለም።"

"ዩሱፍ የሞተ ሰሞን እኔ ሎጊያ ነበርኩ፤ ጭነት ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት። የመጣሁት የሞተ ዕለት ማለዳ ነው። ሎጊያ ያለ ሾፌር ሁሉ ምስክሬ ነው።"

"ቆርቆሮ ውስጥ መርዝ ለከተተ ሰው ሎጊያ መሆን ምን ያደርግለታል? ኪኒኑ አንተን አይጠብቅም።"

"እኔ ወንድሜን?" አለ አብዱናሲር። "እኔ ዩሱፍን? ያሳደገኝን ሰው?"

"እንግዲያው ምን እንደሆነ ንገረኛ!"

"አልነግርህም። ምያለሁ። ቁርአን ላይ እጄን አስጭኖ አስምሎኛል።"

"ሙስሊማ ለዞኑ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው። ስቅላት ነው የሚጠብቃት። ልጅቷስ?"

አብዱናሲር ቆርቆሮውን ከፊቱ ገፋ አደረገው። "አትበላም" አለ። "ባለቤቴ ያልሞከረችው የለም። አፏን ገጥማ ታየናለች። ወተት ብቻ በስንት መከራ።" ዓይኑን በመዳፉ አሸ። "ከኔ አፍ አይወጣም ጌታው። ሰመራ ሂድና ሀምዳ የምትባል ፋርማሲስት ጠይቅ። እሷ አልማለችም።"

ያን ዕለት ከአዲስ አበባ የምርመራው ውጤት ደረሰ። ምግቡም የሟቹ ሆድም መርዝ አልተገኘበትም። ዐቃቤ ሕጉ ግን በስልክ፣ "አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ እነሱ የሚፈልጉት የታወቀውን ብቻ ነው። ሌላ ገዳይ ካላመጣህልኝ ሴትዮዋን ወደ ዞን አሳልፋት" ብሎ ዘጋበት።

*

የሰመራ መንገድ ረጅም ነው። ተሳቢ ከተሳቢ ጋር እየተላለፈ፣ የግመል መንጋ እየተጠበቀ፣ ሚሌን አልፎ ሎጊያን እስኪያዩት ሰው ከነነፍሱ ይቀቀላል። ባንተይርጋ መንገዱን ሙሉ ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ መርዙ ከቆርቆሮው ከሆነ ሴትዮዋ ነፃ ናት። ሲደርስ ሀምዳን ትሠራበት ከነበረው ሕክምና ቤት ቢጠይቅ ወደ መድኃኒት መጋዘን መሩት።

ሀምዳ የአፋር ልጅ ናት፤ መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ብላ የምትናገር። በካርቶን ክምር መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ ታነባለች። ኪኒኑን ከነቫይታሚን ቆርቆሮው መዳፏ ላይ አድርጎ ሲያሳያት ማንነቱን ሳይነግራት፣ "ዩሱፍ ምን ሆነ?" አለች።

"ሞተ።"

ስልኳን አስቀመጠችው። አልቅሳ እስክትጨርስ ባንተይርጋ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ያነብ ነበር።

"ሊቲየም ነው" አለች በመጨረሻ። "የአእምሮ መድኃኒት። ዩሱፍ ከጋብቻው በፊት በጠና ታሞ ነበር። ሲነሣበት አይተኛም፣ ሲጥለው ደግሞ ሞትን ይመኛል። በዚህ ኪኒን ነው ሰው ሆኖ የኖረው፣ የነዳው፣ ልጅ የወለደው። ወንድሙ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሚስትህን አምጣት፣ ላስተምራት ብዬ ለምኜዋለሁ። 'ካወቀች ትፈታኛለች፣ መንጃ ፈቃዴንም ይነጥቁኛል' አለኝ።"

"ታዲያ ይኸው መድኃኒት ገደለው?"

"በልኩ ከተያዘ አይገድልም። ምን በልቶ ነበር? ማለቴ... ጨው ትቶ ነበር እንዴ?"

ባንተይርጋ ደነገጠ። "ማን ነገረሽ?"

"ያ ረቢ!" አለች ሀምዳ፣ ግንባሯን ያዘች። "ይህ መድኃኒት የጨው ወንድም ነው፤ ሰውነት አይለያቸውም። ጨው ሲጎድልበት ኩላሊት ሊቲየሙን ጨው መስሎት ጠርቅሞ ይይዘዋል፤ አይወጣም፣ ይጠራቀማል። በዚህ ሙቀት ላይ፣ በላብ ላይ። የሚያሸና ኪኒን ከተጨመረበትማ አለቀ። እጁ ተንቀጠቀጠ? አስመለሰው? ተንገዳገደ?"

"ሁሉም።"

"ያኔ አንድ ሰው አቁሞት ጨዋማ ውሃ ቢያጠጣው፣ ኪኒኑን አስጥሎ ቶሎ ሆስፒታል ቢያደርሰው ይተርፍ ነበር። አዲስ አበባ የቀረ ደሙ ካለ ሊቲየሙን ይለኩልህ፤ የማወራህ እውነት መሆኑን ያኔ ታያለህ።"

ተነሥታ ከግድግዳው አንድ ላስቲክ የለበሰ ወረቀት ነቅላ ሰጠችው። የሰው ጭንቅላት ተሥሎበታል። ባንተይርጋ እጁ ላይ ሲያየው ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ገለበጠው። በጀርባው በአማርኛና በአፋርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ "ጨው ከመከልከልዎ፣ የሚያሸና ከማዘዝዎ በፊት የአእምሮ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ይጠይቁ። ቤተሰቡን አስወጥተው ለብቻው ይጠይቁት፤ ሰው ሚስቱ ፊት አይናገርም" ይላል።

"ይህንን እኮ ይዤው ነበር" አለ ባንተይርጋ። "ጁነዲን ጠረጴዛ ላይ። ተራገብኩበት።"

"ብዙ ሰው ይራገብበታል" አለች ሀምዳ፤ ለነቀፋ አልነበረም። "አዲስ አበባ ሄጄ ስለ አእምሮ መድኃኒት ተምሬ ስመለስ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በር ያላት አንዲት ክፍል ሰጥተውኝ ታካሚውን ለብቻው አነጋግር ነበር፤ ደሙንም አስለካ ነበር። በኋላ ኃላፊው ተቀየረ፤ ፋርማሲስት ቁጭ ብሎ ወሬ ማውራት ምን ይባላል ተባለና እዚህ ላኩኝ። ክፍሏ የጄኔሬተር ናፍጣ ይቀመጥባታል። ከዚያ ወዲህ ዩሱፍን አላየሁትም፤ ወንድሙ በመስኮት ይወስድለታል።"

"ለክሊኒኮቹስ?"

"አዋሽ ሄጄ ሥልጠና ሰጥቻለሁ። 'አበል አለው?' አሉ፤ የለውም ስል ገሚሱ ቀረ። ጁነዲን ግን መጥቶ ነበር፣ አይፈረድበትም። የሻይ ሰዓት ላይ ታካሚ አለብኝ ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። የሊቲየምን ነገር ያስተማርኩት ከሻይ በኋላ ነበር።"

"ድጋሚ አትሰጪም?"

"በጀት የለም ይላሉ። እኔ አዲስ የወጣውን ሁሉ እዚህ ቁጭ ብዬ በስልኬ አነባለሁ። ለማን እንደማነብ ግን እንጃ።"

ባንተይርጋ ከካርቶኑ ተነሣ። ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

*

አዲስ አበባ የቀረውን ደም ለኩ። የሊቲየሙ መጠን ሰው ሊሸከም ከሚችለው ከእጥፍ በላይ ነው አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ውጤቱን አይቶ፣ "እና ማንን ልክሰስ?" አለ።

"ማንንም።"

"እንግዲያው ልቀቃት" አለና ወደ ሌላ ፋይሉ ዞረ።

ባንተይርጋ ወደ ጣቢያው ሲመለስ ክሊኒኩ ጋ ቆመ። ጁነዲን የሰመራውን ወረቀት አንብቦ ከወንበሩ አልተነሣም። "ከሻይ በኋላ ልመለስ ነበር እኮ" አለ። ባንተይርጋ በሩን ሳይወጣ የሚቀጥለው ታካሚ ገባ። ወጣት ነው፣ ሚስቱ ከኋላው፣ እናቱ ከሚስቱ ኋላ። ጁነዲን ወረቀቱን አየና፣ "እስቲ እናንተ ለትንሽ ጊዜ ውጡልኝ" አላቸው።

"ምን ሊደረግ?" አሉ እናትየው። "ልጄ ምን ደብቆኝ ያውቃል? እዚሁ ይጠየቅ።" ወጣቱም፣ "የምደብቀው የለኝም ዶክተር፣ ይቀመጡ" አለ። ውጭ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። ጁነዲን ኢንስፔክተሩን አየው፣ ሰልፉን አየ፣ ከዚያም ሦስቱንም አስቀመጣቸው።

*

"አይንገሯት አለቃ" አለች እናትነሽ በሩ ላይ። "ሕመም ነው የገደለው ይበሏት። ማን ይጎዳል?"

ባንተይርጋም እንደዚያ ሊላት ቆርጦ ነበር። ሙስሊማ ስትመጣ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

"ነፃ ነሽ" አላት። "ማንም መርዝ አልሰጠውም። ዩሱፍ ድሮ የነበረ ሕመም ነበረበት፤ ለዚያ የሚወስደው መድኃኒት ነው የጎዳው።"

"አልሃምዱሊላህ" አለችና ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ለስንት ዘመን ነበር የሚወስደው?" አለች።

"ከጋብቻችሁ በፊት ጀምሮ።"

"እስከ ዛሬ ያልጎዳው ታዲያ አሁን ምን ሆኖ ጎዳው?"

ባንተይርጋ ጠረጴዛውን አየ። በሥራ ዘመኑ ስንት ውሸታም አናዟል፤ እሱ ግን መዋሸት አልቻለበትም። ሙስሊማ ፊቱን እያየች ነበር።

"ጨው ነው" አለች።

"አንቺ አላወቅሽም። ሐኪሙም አላወቀም። እሱ ራሱ..."

"ባሰበት ቁጥር አጠበቅኩ" አለች። "ስጪኝ ብሎ ለምኖኛል እኮ። ከመሞቱ በፊት ማታ፣ 'ሙስሊሚ፣ ትንሽ ብቻ፣ ለአፌ' አለኝ። አስምዬህ የለም ወይ አልኩት።"

እናትነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አብዱናሲር ግቢው ውስጥ ፋሪሃን ታቅፎ ይጠብቃል። ልጅቷ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ሙስሊማን ሲያይ ልጅቷን እንደታቀፈ ተንበረከከ። "አፉ በይኝ እህቴ። እኔ ነኝ ምስጢሩን ያፈንኩት፣ እኔ ነኝ አብሬው የደበቅኩት። አፉ በይኝ።" እሷ የሰማችው አትመስልም። ልጅቷ እጇን ዘርግታ፣ "እማ" አለች፣ ሙስሊማም ተቀብላ አቀፈቻት፤ አንገቷ ውስጥ ገብታ አሸተተቻት። ባንተይርጋ ያን ጊዜ ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ሁሉም ነገር ሊስተካከል ነው ብሎ ደስ አለው።

እናትነሽ ሮጣ ሄዳ ዳቦ ይዛ መጣች። "በይ አጉርሻት፣ ከአንቺ እጅ ነው የምትበላው አይደል?"

ሙስሊማ ዳቦውን ተቀብላ ቆረሰች። ፋሪሃ አፏን ከፈተች። የሙስሊማ እጅ መንገድ ላይ ቆመ፤ ቁራሹን አየችው፣ ጣቶቿን አየቻቸው። ከዚያ ልጅቷን ለአብዱናሲር መልሳ አስታቀፈችው፣ ዳቦውንም መዳፉ ላይ አደረገችው።

"አንተ አጉርሳት" አለች። "ከእንግዲህ ከኔ እጅ ማንም አይበላም።"

አብዱናሲር ቁራሹን ወደ ልጅቷ አስጠጋ። ፋሪሃ አፏን ገጥማ እናቷን ታያለች።